የወተት ላም ገላና ጤና በዘር ስለ መያያዛቸው

ወተት ለቤተ ሰብ የሚሰጠውን ጥቅም በዚህ ገጽ ደጋግመን ገልጸናል። ሕፃን ያድግበታል፥ በሽተኛ ያገግምበታል፤ ቅቤው ለወጥ፥ አይቡ ለገበታ፥ አሬራው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይተርፋል። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ወተቱ ሳይሆን ወተቱን ስለምትሰጠው ላም ነው። ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣን፥ ብዙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የፈረንጅ ዘር ያላት ላም ከገዙ በኋላ፥ በወለደች በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ በበሽታ ሲያጧት ስለምናይ ነው። ላም የሞተችበት ቤት የሚያጣው ዋጋዋን ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ ቁርስና የሽማግሌዎቹ እራት አብሮ ይቀርበታል። በዚያም ላይ ባለቤቱ ጥፋቱን አንድ ጊዜ በእረኛው፥ አንድ ጊዜ በአላቢዋ፥ አንድ ጊዜም በሰው ዓይን እያመካኘ፥ ቤተ ሰቡ እርስ በርሱ ሲቀያየም ይኖራል።

የጥፋቱ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ከእረኛውም ከአላቢዋም ቀድሞ የነበረ ነው። ላሟ ገና ሳትወለድ፥ አባቷ የሆነው ኮርማ በተመረጠበት ቀን የተጀመረ ሊሆን ይችላል። ይህን ነገር የከብት ዘር መርማሪዎች በብዙ አገር መዝገብ አገላብጠው ስላረጋገጡት፥ አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት ከዚህ ቀጥሎ በየተራው እናስረዳለን።

ላም ሊገዛ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ስትታለብ ገላዋ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንዲያውም በአውሮፓና በአሜሪካ ለረዥም ዘመን የወተት ላም ውበት የሚባለው፥ የጎድን አጥንቷ የተራራቀና ጎልቶ የሚታይ፥ ዳሌዋ የሾለ፥ አንገቷ የቀጠነ፥ ግቷ ብቻ የሰፋ ስትሆን ነበር። በከብት ትርኢትም ዳኞቹ እንዲህ ያለችውን «የበላችውን ሁሉ ለወተት የምትሰጥ» ብለው ያመሰግኗት ነበር። ላሟ የበላችውን ብቻ ሳይሆን የራሷንም ገላ ጭምር እየሰጠች መሆኗን ያስተዋሉት ዘግይተው ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ፈርዖን ያየውን ሕልም ሁላችን እናውቀዋለን። ሰባት የከሱ ላሞች ሰባቱን የሰቡ ላሞች ዋጧቸው፤ የዋጡት ግን በገላቸው አልታወቀም። በወተት ላም ቤት ግን የከሳችውና የሰባችው ላም አንዲቱ ራሷ ናት። በወለደች በሁለት ወር ውስጥ ያለፈው ወራት ስብ በዛሬው ወተት ይበላል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን እንናገር። ላም ከወለደች በኋላ ወተቷ በፍጥነት እየጨመረ ሄዶ፥ በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። የምግብ ፍላጎቷ ግን እንዲህ ፈጥኖ አይነሣም፤ ከወተቱ ኋላ ቀርቶ ይከተላል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ከምትበላው ይልቅ የምታወጣው ይበልጣል። ጉድለቱን የምትሞላው ከቆዳዋ ሥርና ከወገቧ ላይ ካከማቸችው ስብ ነው። ይህ በመጠን ሲሆን ከፈጣሪ የተሰጠ ሥርዓት ነው፤ እናት ሁሉ ለልጇ እንዲህ ታደርጋለች። ከመጠን ሲያልፍ ግን ከገላዋ የቀለጠው ስብ በደም ተጉዞ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። ጉበቷም ሁሉን ማቃጠል ሲያቅተው ኬቶን የሚባለው ነገር በደሟ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ላሟ መብላት ታቆማለች፥ ወተቷም ይወርዳል።

ችግሩ በዚህ አይቆምም። በሽታን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት በዚህ የጉድለት ወራት ኃይላቸው ይደክማል። ጠላት በመጣበት ጊዜ ስንቅ እንዳለቀበት ጦር ይሆናሉ። በዚህም ምክንያት ግት ይቆስላል፥ እንግዴ ልጅ ሳይወርድ ይቀራል፥ ማኅፀን ይመርዛል። ስለዚህ ነው የወተት ላም በሽታ አብዛኛው ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ተሰብስቦ የሚገኘው።

የላምን ገላ ለመመዘን ሚዛን አያስፈልግም፤ ዓይንና እጅ ይበቃል። ወገቧን፥ የዳሌዋን አጥንትና የጭራዋን ሥር በእጅ እየዳሰሱ ከ1 እስከ 5 ቁጥር መስጠት በብዙ አገር የተለመደ ነው። አጥንቷ ብቻ የቀረ 1፥ አጥንቷ በስብ ተሸፍኖ የማይዳሰስ 5 ይባላል። በ1989 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካሊፎርኒያ የታተመው ሠንጠረዥ ለዚህ ሥራ ብዙ አገልግሏል፤ (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኒውዚላንድ ግን እስከ 10 ትቆጥራለች። ቁጥሩ ቢለያይም የሚዳሰሰው ነገር አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በአንድ በረት፥ በአንድ ግርግም፥ አንድ ዓይነት ድርቆሽና ፋጉሎ የሚበሉ ሁለት ላሞች አሉ እንበል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ወለዱ። አንደኛዋ በሁለተኛው ወር ገላዋን እንደ ያዘች ስትገኝ፥ ሌላዋ አጥንቷ ወጥቶ ትታያለች። ምግቡ አንድ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ምንድር ነው? አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። በአንድ መንጋ መካከል ከሚታየው የገላ ልዩነት፥ በብዙ አገር በተደረገው ምርመራ፥ ከመቶ ከ20 እስከ 40 ያህሉ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። ይህም ከወተት ብዛት ውርስ ጋር የሚቀራረብ ነው። የበሽታ ውርስ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 አይደርስም፥ ለአንዳንዱም በሽታ ከመቶ 5 በታች ነው። የቀረው ከበረቱ ንጽሕና፥ ከምግቡና ከአያያዙ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ አንባቢ «የበሽታ ውርስ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፥ ስለ ኮርማ ምርጫ ለምን ትደክማላችሁ?» ሊለን ይችላል። መልሳችን ይህ ነው። ትንሽ ውርስ በየትውልዱ ሲደራረብ ትንሽ ሆኖ አይቀርም። ደግሞም ለማየት የሚያስቸግረውን ነገር በሚታየው ነገር በኩል መከታተል ይቻላል። ገላ በቀላሉ ይታያል፥ በእጅም ይዳሰሳል፤ ለበሽታ መበርታት ግን በሽታው እስኪመጣ ድረስ አይታይም። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ከሆነ አንዱ የሌላው ምልክት ይሆናል ማለት ነው።

ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸውም በመዝገብ ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር መጀመሪያ የወለዱ የሆልስታይን ላሞች ሲመረመሩ፥ ገላቸው ቶሎ የሚያልቅና አጥንታቸው የሾለ እንዲሆኑ የሚያደርገው ውርስ፥ ለግት ቁስልና ለሌሎችም በሽታዎች ከሚያጋልጠው ውርስ ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። የአጥንቱ መሾል፥ ማለት ያ ዳኞች ያመሰግኑት የነበረው መልክ፥ ከገላው ቁጥር ይልቅ ለበሽታ የቀረበ ምልክት ነበር። ወተት የሚያበዛው ውርስ ደግሞ በአብዛኛው ገላን የሚያሳንስ ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ለወተት ብቻ ሲባል ኮርማ የመረጠ አገር፥ ሳያውቀው ክሳትንም በሽታንም አብሮ መረጠ።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣል። ላሟ የታመመችው ስለ ከሳች ነው ወይስ የከሳችው ስለ ታመመች ነው? በችሎት እንደምናየው፥ ሁለት ነገር አብሮ ስለ ተገኘ ብቻ አንዱ የሌላው አድራጊ ነው ተብሎ አይፈረድም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃውም የተገኘው ከአባቶቹ በኩል ነው። አንድ ኮርማ በአንድ አገር ብዙ ሴት ልጆች፥ በሌላም አገር ሌሎች ብዙ ሴት ልጆች ይኖሩታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣ ምርመራ የአሜሪካንና የዴንማርክን መዝገብ አያይዞ ተመለከተ። አሜሪካ ያለችው ላም መክሳት ዴንማርክ ያለችውን እኅቷን ሊያሳምማት አይችልም፤ ዴንማርክ ያለችው መታመሟም አሜሪካ ያለችውን አያከሳትም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አባታቸው ብቻ ነው። በአንዱ አገር ልጆቹ የሚከሱበት ኮርማ፥ በሌላው አገር ልጆቹ የሚታመሙበት ሆኖ ሲገኝ፥ ምስክርነቱ የታመነ ይሆናል።

ነገር ግን ከዚህ ምስክርነት የተሳሳተ ፍርድ እንዳይወጣ እንጠንቀቅ። «ወፍራም ላም ጤነኛ ናት» ብሎ፥ ያረገዘችውን ላም በፉርሽካና በአተላ ማድለብ ትልቅ ጥፋት ነው። በዘር የተወረሰ ገላና በመኖ የተሞላ ገላ አንድ አይደሉም። በዘር የታደለችው ላም ስትታለብ ገላዋን የምትይዝ፥ የሚገባትንም ለራሷ የምታስቀር ናት። ከወሊድ በፊት የደለበችው ግን በወለደች ጊዜ የምግብ ፍላጎቷ ይዘጋል፥ ያን ሁሉ ስብ በአንድ ጊዜ ታቀልጠዋለች፥ ጉበቷም ይጎዳል። ስለዚህ በ5 በሚቆጠረው ላም ስትወልድ ከ3 እስከ 3 ከሩብ አካባቢ ብትሆን መልካም ነው ተብሎ ይመከራል። ከዚያ ያነሰችው ወተቷ ይጎድላል፥ ለመጽነስም ትዘገያለች፤ ከዚያ የበለጠችው ለወሊድ በሽታ ትጋለጣለች።

የኮርማ ነገር በዛሬው ዘመን ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ቀድሞ አንድ ኮርማ የአንድ አካባቢ መንጋ አባት ይሆን ነበር፤ ክፉ ቢሆን ክፋቱ ከወንዙ አይሻገርም። በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ዘርን በግሊሴሪን ጠብቆ ማቀዝቀዝና ማቆየት እንደሚቻል ካሳወቁ በኋላ ግን፥ አንድ ኮርማ ከሞተ በኋላም ቢሆን በብዙ አገር ብዙ ሺህ ልጆች ይወልዳል። መልካሙም ክፉውም በዚያው መጠን ይበዛል። ስለዚህ የኮርማን ጠባይ መመርመር የአንድ ባለ ከብት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆኗል።

ይህን ቀድማ ያስተዋለችው ኖርዌይ ናት። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አገር ለየላሚቱ የጤና ካርድ ተሰጥቶ፥ ሐኪም ያከማት ሁሉ እንዲጻፍ ተደረገ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ኮርማ ሲመረጥ የሴት ልጆቹ የግት ጤና ከወተታቸው ጋር እንዲቆጠር ተወሰነ። በዚህ ምክንያት የኖርዌይ ቀይ ላም የሚባለው ዘር በጤናውና ቶሎ በመጽነሱ የታወቀ ሆኗል። አሜሪካ በዚህ ረገድ ዘግይታ፥ በ2018 ዓ.ም. ለሆልስታይን ዘር በስድስት በሽታዎች የመቋቋምን ችሎታ ለየኮርማው መዝና ማውጣት ጀመረች። እነዚህም የወተት ትኩሳት፥ የጨጓራ ከስፍራው መዛወር፥ የኬቶን በሽታ፥ የግት ቁስል፥ የማኅፀን መመረዝና የእንግዴ ልጅ መቅረት ናቸው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዘረ መል የሚባለውን ረቂቅ የውርስ ምልክት ከጥቂት ጠጉር ወይም ደም ማንበብ ስለ ተቻለ፥ ጥጃው ገና ሳያድግ የወደፊት ልጆቹ ጠባይ በግምት ይታወቃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የፈረንጅ የወተት ላሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ ድርጅት በኩል መጥተው እንደ ነበር ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ የሆልስታይን ፍሪዢያን ዘር ከአገራችን ላሞች ጋር እየተዳቀለ በከተሞች ዙሪያ በዝቷል። የምክንያቱ ቀናነት አያጠራጥርም፤ የአገራችን ላም በአማካይ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ስትሰጥ፥ የፈረንጇ በመልካም አያያዝ ከ20 ሊትር በላይ ትሰጣለች። ነገር ግን ሚዛኑ ሁለት ወገን አለው። በ2007 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፥ በመካከለኛው ኢትዮጵያ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በሆልስታይን ላሞች ላይ ከመቶ 22 ያህል፥ በአገራችን ዜቡ ላሞች ላይ ግን ከመቶ 12 ያህል ተገኝቷል፤ በሆልስታይኖቹም ላይ ጉዳቱ የበረታ ነበር። ይህ ምርመራ የዘርን ልዩነት እንጂ የገላን ነገር አያስረዳም፤ ሆኖም በሽታን መቋቋም በዘር የሚለይ መሆኑን በገዛ መሬታችን ያሳያል። በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የሸኮ ከብትም በቆላ ዝንብ የሚተላለፈውን የገንዲ በሽታ በመቋቋሙ ይታወቃል። ይህን የመሰለ ሀብት ወተቱ አነሰ ብሎ እስኪጠፋ ድረስ መናቅ፥ ጎተራን አቃጥሎ አይጥን እንደ ማባረር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚሆነውን ምክር በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፥ ላም ስትገዙ ወተቷን ብቻ አትጠይቁ። ከወለደች በሁለተኛው ወር እንዴት እንደ ነበረች፥ ስንት ጊዜ እንደ ታመመች፥ እናቷም ስንት ጊዜ እንደ ወለደች ጠይቁ። ብዙ ታልባ ቶሎ ከሞተች ላም ይልቅ፥ መጠነኛ እየታለበች ስድስትና ሰባት ጊዜ የወለደች ላም ልጅ ትሻላለች።

ሁለተኛ፥ የሚያዳቅል ባለሙያ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። የኮርማው ቁጥር ምን እንደ ሆነ፥ ልጆቹ በጤና እንዴት እንደሆኑ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ቁጥሩንም ጻፉት።

ሦስተኛ፥ የኮርማውን ዘር መጠን ከመኖአችሁ ጋር አስተያዩ። ጭድ ብቻ በሚገኝበት ቤት፥ ለብዙ ወተት የተፈጠረች ላም ጎደሎውን ከገላዋ ትሞላለች። ዘሯ የሚያዝዛትን እጃችሁ ሊሰጣት ካልቻለ፥ ከአገራችን ላም ደም ያላት የተዳቀለች ትበቃችኋለች።

አራተኛ፥ ከወሊድ በፊት ባሉት ሁለት ወራት አታድልቡ፥ አታስርቡም። ከወለደች በኋላ ግን የተሻለውን መኖ ለእርሷ አስቀድሙ፥ ንጹሕ ውኃም ከፊቷ አይታጣ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ገላዋ በግማሽ ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፥ በሽታ ሳይመጣ የከብት ሐኪም ጥሩ።

አምስተኛ፥ መዝገብ ያዙ። አንድ ደብተር ለአንድ በረት ይበቃል። የላሟን ስም፥ የአባቷን ቁጥር፥ የወለደችበትን ቀን፥ ስትወልድና በስድስተኛው ሳምንት በእጅ ተዳስሶ የተሰጣትን ቁጥር፥ የታመመችውን በሽታ በቀን በቀኑ ጻፉ። በቤት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ ይህን ሥራ ስጡት፤ ኃላፊነትም ቁጥርም አብሮ ይማራል። ኖርዌይ ለዚህ ክብር የበቃችው የከብቶቿ ደም ከሌላው የተለየ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሌላው የረሳውን እርሷ ስለ ጻፈች ነው። ያልተጻፈ በሽታ በሚቀጥለው ዓመት የሰው ዓይን ይባላል፤ የተጻፈ በሽታ ግን የየትኛው ኮርማ ልጆች እንደሚታመሙ ይናገራል፤ እረኛውንም በሐሰት ከመከሰስ ያድነዋል።

ሰው ብዙ ወተት ስለምትሰጥ ላም ሲሰማ ልቡ ይሳባል። ነገር ግን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለሌላት ላም ብቻ አይደለም፤ ኖራ በአንድ ወሊድ ለምታልቀውም ይሆናል። ለቤት የምትጠቅመው ከምትሰጠው ለራሷ የምታስቀር፥ ዓመት ዓመት እየወለደች በበረቱ የምትሰነብት ላም ናት። እንዲህ ያለችዋን መርጦ ማርባት፥ በደብተርም መከታተል፥ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ርስት ማቆየት ነው።